በፉሪ የመኖሪያ ቤት ግንባታ የሞርታር ስሌትና ምርጫ፦ ከድብልቅ ምጣኔው በፊት የመገጣጠሚያው ውፍረት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በፉሪና በአካባቢው በግለሰቦች አቅም በሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለድንጋይ መሠረትና ለብሎኬት ግድግዳ የሚውለው ሞርታር እንዴት ሊሰላና ሊመረጥ እንደሚገባ ይመረምራል። ዘዴው የስሌት ትንተና ነው፤ አንድ አብነታዊ ቤት ተወስዶ የመገጣጠሚያ ውፍረት፣ የድብልቅ ምጣኔና የአሸዋ እርጥበት በሲሚንቶ ፍጆታ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ጎን ለጎን ተነጻጽሯል። ውጤቱ እንደሚያሳየው በ20 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ የተሠራ የ1፡6 ግድግዳ በ10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ከተሠራ የ1፡3 ግድግዳ የበለጠ ሲሚንቶ ይበላል። በምርጫ ረገድም ደካማ ብሎኬት በጠንካራ ሞርታር ቢገነባ የንድፍ ደንቡ ከተወሰነ ገደብ በላይ ለሞርታሩ ዋጋ አይሰጥም። በዚህ መሠረት ለመሠረትና ለግድግዳ አንድ ዓይነት ድብልቅ መጠቀም መቅረት እንዳለበት፣ ቁጠባውም ሲሚንቶ ከማሳሳት ይልቅ መገጣጠሚያን ከማጥበብ ሊጀምር እንደሚገባ ጽሑፉ ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሞርታር፣ ብሎኬት፣ የድንጋይ ግንብ፣ የመገጣጠሚያ ውፍረት፣ ፒፒሲ፣ ፉሪ

1. መግቢያ

ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ስሟን በሰጣት ተራራ ሥርና በሰበታ አቅጣጫ የምትገኝ ሥፍራ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ የፉሪ–ለቡን ስም ይዟል፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ስትመሠረትም ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆናለች። ዋና ከተማዋን እንደ ቀለበት እንደከበቡት እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ በዚህም ብዙ ቤት የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ቁሳቁሱን እየገዛ፣ ግንበኛውን በእጅ ዋጋ ቀጥሮ፣ ሥራውን በየደረጃው እያቋረጠና እየቀጠለ ነው። መሠረቱ በአንድ ዓመት፣ ግድግዳው በሌላው፣ ልስኑ በሦስተኛው ይሠራል።

እንዲህ ባለው ግንባታ የሞርታር ጉዳይ ቀላል መስሎ ይታያል። አሠሪው «ስንት ኩንታል ይበቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግንበኛው ከልምዱ ተነሥቶ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ሲጎድል እንደገና ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው የሲሚንቶ እጥረትና የዋጋ ንረት ሲያጋጥም ግን ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው ገንዘብ ያለቀበት ባለቤት ሥራውን በማይቆምበት ደረጃ ላይ ማቆሙ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ እጥረቱን ለመሸፈን ሲሚንቶው መቀነስ በማይገባው ቦታ፣ ማለትም ከመሬት በታች ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ መቀነሱ ነው። ይህ ግንብ ከተሸፈነ በኋላ የሚያየው የለም።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁለት ነው። የሞርታርን ፍጆታ ይበልጥ የሚወስነው ምንድን ነው? ለየትኛው የግንብ ክፍልስ የትኛው ሞርታር ይስማማል? ልስን በስሌቱ አልተካተተም፤ የራሱ ውፍረትና የራሱ ድብልቅ ያለው የተለየ ሥራ ነውና።

2. የሞርታር ተግባርና የጥንካሬ ወሰን

ሞርታር ድንጋይንና ብሎኬትን የሚያጣብቅ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን አለመስተካከል ሞልቶ ጭነትን በእኩል የሚያስተላልፍ፣ ውኃ እንዳይገባ የሚከላከልና ትንንሽ እንቅስቃሴዎችን የሚያስተናግድ አካል ነው። የሀገራችን የግንባታ ታሪክ ይህን ተግባር ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀመሩት የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ ሞርታር የተገነቡ ናቸው፤ በአዲስ አበባ የቀድሞ የድንጋይ ቤቶችም ጭቃ በሞርታርነት በሰፊው አገልግሏል። በሁለቱም ሁኔታ ሞርታሩ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው። ግንቡን ያቆመው የድንጋዩ አጠራረብና አቀማመጥ ሲሆን ሞርታሩ ረዳት ነበር።

ዛሬ ያለው አመለካከት በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ግድግዳው ይጠነክራል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን ደንቦች መሠረት አድርጎ የወጣው የኢትዮጵያ የግንብ ሥራ ንድፍ ደንብ (ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. 1996) የሚሰጠው ቀመር ግን ይህን እምነት ይገድበዋል። በቀመሩ መሠረት ጠቅላላ አገልግሎት በሚሰጥ ሞርታር የተገነባ ግንብ የግፊት ጥንካሬ ከብሎኬቱ ጥንካሬ በ0.7 አርቢ፣ ከሞርታሩ ጥንካሬ ደግሞ በ0.3 አርቢ ይያያዛል። የዚህ ትርጉም በቁጥር ሲገለጽ ግልጽ ይሆናል። የሞርታሩ ጥንካሬ በእጥፍ ቢያድግ የግንቡ ጥንካሬ የሚያድገው በ23 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የብሎኬቱ ጥንካሬ በእጥፍ ቢያድግ ግን ግንቡ በ62 በመቶ ያህል ይጠነክራል።

ከዚህም በላይ ደንቡ በስሌት ውስጥ የሚገባው የሞርታር ጥንካሬ ከብሎኬቱ የተስተካከለ ጥንካሬ እጥፍ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብሎኬቱ 2 ሜጋ ፓስካል ከሆነ ሞርታሩ 10 ሜጋ ፓስካል ቢደርስም በስሌቱ የሚያዝለት 4 ብቻ ነው። በመንገድ ዳር በእጅ ማሽን ተመርቶ በቂ ውኃ ሳይጠጣ የተሸጠ ብሎኬት ላይ 1፡3 ሞርታር ማፍሰስ እንግዲህ ለግድግዳው ጥንካሬ የሚጨምረው ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። ያ ገንዘብ የተሻለ ብሎኬት ለመግዛት ቢውል ውጤቱ በብዙ ይበልጣል።

3. የስሌት ዘዴ

3.1 ከድብልቅ ምጣኔ ወደ ሲሚንቶ ኪሎ

ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ በውኃ ሲቦካ ይዘቱ ይቀንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሞላልና። በዚህ ጽሑፍ 1 ሜትር ኩብ እርጥብ ሞርታር ለማግኘት 1.33 ሜትር ኩብ ደረቅ ድብልቅ ያስፈልጋል ተብሎ ተወስዷል። የሲሚንቶ የልቅ ክብደት በሜትር ኩብ 1,400 ኪሎ ግራም ሆኖ ሲሰላ የሚከተለው ይገኛል።

ሠንጠረዥ 1፦ ለ1 ሜትር ኩብ ሞርታር የሚያስፈልግ ቁሳቁስ

| የድብልቅ ምጣኔ | ሲሚንቶ (ኪሎ ግራም) | ደረቅ አሸዋ (ሜትር ኩብ) |
|---|---|---|
| 1፡3 | 466 | 1.00 |
| 1፡4 | 372 | 1.06 |
| 1፡5 | 310 | 1.11 |
| 1፡6 | 266 | 1.14 |

በዚህ የልቅ ክብደት 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 36 ሊትር ያህል ይዘት አለው። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት መለኪያ ሳጥንም በትክክል 36 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በዚህ ሳጥን አሸዋን መስፈር «አንድ ከረጢት በአራት ሳጥን» የሚለውን ንግግር ከእውነተኛው 1፡4 ጋር ያስማማዋል። አሸዋ በአካፋ ወይም ሞልቶ በሚተርፍ ካሬታ ሲሰፈር ግን የተባለው ምጣኔና የተሠራው ምጣኔ ይለያያሉ።

3.2 የአሸዋ እርጥበትና የክረምት ስሕተት

ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ የሚቀርበው የተፈጥሮ አሸዋ በብዛት ከስምጥ ሸለቆና ከአካባቢው፣ ከመቂ፣ ከላንጋኖ፣ ከሶደሬ፣ እንዲሁም ከምንጃር አቅጣጫ ይመጣል። አሸዋ በጥቂቱ ሲረጥብ በቅንጣቶቹ ዙሪያ የሚፈጠረው የውኃ ሽፋን እያራራቃቸው ይዘቱን ያሳብጠዋል። የእብጠቱ መጠን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ደቃቅ አሸዋ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። ፈጽሞ በውኃ ሲጥለቀለቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ ይዘቱ ይመለሳል።

ለምሳሌ እብጠቱ 25 በመቶ ቢሆን በክረምት የተሰፈረ አራት ሳጥን እርጥብ አሸዋ የሚይዘው የ3.2 ሳጥን ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው። ድብልቁ 1፡4 ተብሎ 1፡3.2 ይሆናል፤ በሜትር ኩብ የሚያስፈልገው ሲሚንቶም ከ372 ወደ 443 ኪሎ ከፍ ይላል። ይህ 19 በመቶ ጭማሪ ነው። በቢያጆ የተገዛው አሸዋም እንዲሁ እርጥብ ሆኖ ከተለካ ከታሰበው ያነሰ ሥራ ይሠራል። ማረሚያው ቀላል ነው። በጠርሙስ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሳይጠቀጠቅ ይጨመርና ከፍታው ይለካል፤ ከዚያ በውኃ ተጥለቅልቆ ሲረጋ እንደገና ይለካል። የመጀመሪያው ከፍታ ለሁለተኛው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በሳጥኑ ብዛት ላይ ይባዛል። 1.25 ከሆነ አራት ሳጥን የነበረው አምስት ይሆናል።

3.3 ከመገጣጠሚያ ወደ ሞርታር ይዘት

የብሎኬቱ የፊት ገጽ 40 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መገጣጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ብሎኬት ከነድርሻው 41 በ21 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ በ1 ካሬ ሜትር 11.6 ብሎኬት ይገባል። የተረፈው የፊት ገጽ 0.071 ካሬ ሜትር የሞርታር ድርሻ ነው። በ0.20 ሜትር ውፍረት ሲባዛ 0.0142 ሜትር ኩብ ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ ለ15 ሚሊ ሜትር 0.0207፣ ለ20 ሚሊ ሜትር 0.0268 ሜትር ኩብ ይገኛል። መገጣጠሚያው በእጥፍ ሲወፍር ሞርታሩ በ89 በመቶ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ሞርታሩ በብሎኬቱ ሙሉ ውፍረት ላይ እንደተነጠፈ ተቆጥሯል፤ በቀዳዳው ላይ የሚያርፈው ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚወድቅ አልተቀነሰም። ለ15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ የተገኘው ቁጥር በ0.75፣ ለ10 ሴንቲ ሜትር በ0.5 ይባዛል።

4. ስሌቱ በአብነታዊ ቤት ላይ

ጠቅላላ የግድግዳ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ ለበርና ለመስኮት 25 ካሬ ሜትር የተቀነሰለት ቤት እንውሰድ። የሚገነባው የግድግዳ ስፋት 125 ካሬ ሜትር ነው። ለብክነት 20 በመቶ ተጨምሮበት የሲሚንቶው ፍጆታ በሠንጠረዥ 2 ቀርቧል።

ሠንጠረዥ 2፦ ለ125 ካሬ ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ የሚያስፈልግ ሲሚንቶ (በኩንታል)

| የድብልቅ ምጣኔ | 10 ሚ.ሜ. | 15 ሚ.ሜ. | 20 ሚ.ሜ. |
|---|---|---|---|
| 1፡3 | 9.9 | 14.4 | 18.7 |
| 1፡4 | 7.9 | 11.6 | 15.0 |
| 1፡5 | 6.6 | 9.6 | 12.5 |
| 1፡6 | 5.7 | 8.3 | 10.7 |

ሠንጠረዡን ወደ ጎን ማንበብ ወደ ታች ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል። በ15 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ከ1፡4 ወደ 1፡5 መውረድ 2 ኩንታል ያተርፋል። ምጣኔውን ሳይነኩ በ1፡4 ላይ መገጣጠሚያውን ከ15 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ግን 3.7 ኩንታል ያተርፋል። ጠርዞቹ ሲነጻጸሩ 20 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ያለው የ1፡6 ግድግዳ 10.7 ኩንታል ሲፈጅ፣ 10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ያለው የ1፡3 ግድግዳ የሚፈጀው 9.9 ነው። ሲሚንቶ አሳስቶ መገጣጠሚያ ማወፈር ቁጠባ አይደለም።

ወፍራም መገጣጠሚያ ብሎኬት ይቆጥባል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትነትም አለው። ከ10 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሲወፍር በዚህ ቤት 99 ያህል ብሎኬት ይተርፋል። ነገር ግን ለዚያ 1.9 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ሞርታር ይከፈላል፤ በ1፡4 ድብልቅ 14 ከረጢት ሲሚንቶና 2 ሜትር ኩብ አሸዋ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር 7 ብሎኬት ለማትረፍ አንድ ከረጢት ሲሚንቶና 0.14 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ይወጣል። የገበያ ዋጋ ቢለዋወጥም ይህ ንጽጽር ስለማይለዋወጥ አንባቢው በዕለቱ ዋጋ ሊፈትነው ይችላል። የንድፍ ደንቡም ጠቅላላ አገልግሎት ለሚሰጥ ሞርታር የመገጣጠሚያ ውፍረት ከ6 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ስለሚጠይቅ 20 ሚሊ ሜትር ከወሰን ውጭ ነው።

መሠረቱን ስንመለከት ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል። በዚሁ ቤት ሥር 50 ሜትር ርዝመት፣ 0.5 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ 25 ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ውስጥ የሞርታሩ ድርሻ እንደ ድንጋዩ አጠራረብ ይለያያል፤ 33 በመቶ ብንወስድ 8.25 ሜትር ኩብ ሞርታርና በ1፡4 30.7 ኩንታል ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ለመሠረቱና በ15 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ለሚሠራው ግድግዳ በአንድነት ከሚያስፈልገው ሞርታር 73 በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች ነው። የሞርታሩ ድርሻ በ5 ነጥብ ቢቀንስ፣ ማለትም ግንበኛው ድንጋዩን በመዶሻ አስተካክሎ ክፍተቱን በሞርታር ከመሙላት ይልቅ በሽርክት ድንጋይ ቢያጠብቀው፣ 4.7 ኩንታል ይተርፋል። ይህ ግድግዳውን ከ1፡4 ወደ 1፡6 በማሳሳት ከሚገኘው 3.3 ኩንታል ይበልጣል። ትልቁ ቁጠባ ያለው በመዶሻው ላይ ነው። ይሁንና ሽርክቱ በሞርታር ውስጥ ተቀብሮ መጠቅጠቅ አለበት፤ በደረቁ የተወረወረ ሽርክት ክፍተትን ይደብቃል እንጂ አይሞላም።

5. የሞርታር ምርጫ በፉሪ ሁኔታ

5.1 መሠረት

በፉሪ ሜዳማ ክፍልና ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ መረሬ፣ ማለትም በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ በብዛት ይገኛል። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን የሚገባው ነገር አለ፤ ማንኛውም የሞርታር ድብልቅ የመረሬን እንቅስቃሴ አያስቆምም። ለዚህ መልሱ አፈሩን ማንሣት፣ በተመረጠ አፈር መተካት፣ መሠረቱን ወደሚረጋ ንጣፍ ማድረስና የጣራ ውኃ ከግንቡ ዙሪያ እንዲርቅ ማድረግ ነው። የሞርታሩ ድርሻ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፦ በየዓመቱ የሚረጥብና የሚደርቅ ግንብ ውስጥ ሳይሸረሸር መቆየት።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የአሜሪካው የሞርታር መለኪያ (ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ሲ 270) ሞርታርን በጥንካሬ ቅደም ተከተል ኤም፣ ኤስ፣ ኤንና ኦ ብሎ ይከፍላል፤ በ28 ቀን የሚጠበቅባቸው ዝቅተኛ ጥንካሬ በተከታታይ 17.2፣ 12.4፣ 5.2 እና 2.4 ሜጋ ፓስካል ነው። ከመሬት በታች ላለ ግንብ ኤም ወይም ኤስ ይመከራል። በእኛ አሠራር ለዚህ ቦታ የሚቀርበው ንጹሕ አሸዋ ያለው 1፡4 ወይም ከዚያ የበለጸገ ድብልቅ ነው። ስለዚህ እጥረት ሲያጋጥም መቀነስ የማይገባው የመሠረቱ ምጣኔ ነው።

5.2 የመሙያ ግድግዳ

ኮለንና ቢም ባለው ቤት ውስጥ ብሎኬቱ የፎቅ ወይም የጣራ ጭነት አይሸከምም፤ ክፍት ቦታን ይሞላል። እንዲህ ላለው ግድግዳ በጣም የጠነከረ ሞርታር ጉዳትም አለው። በሲሚንቶ የበለጸገ ድብልቅ ሲደርቅ ይበልጥ ይኮማተራል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሞርታሩ ከብሎኬቱ የጠነከረ ከሆነ ስንጥቁ ብሎኬቱን አቋርጦ ያልፋል፤ ሞርታሩ የለሰለሰ ከሆነ ግን መገጣጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ ይሄዳል። ሁለተኛው ተከፍቶ በአዲስ ሞርታር ሊሞላ ይችላል፤ የመጀመሪያው ብሎኬት መቀየርን ይጠይቃል።

በእንግሊዝ አሠራር 4 ሜጋ ፓስካል ገደማ ለሚጠበቅበት ሞርታር የሚሰጠው ድብልቅ 1፡1፡5 እስከ 6፣ ማለትም አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራና ከአምስት እስከ ስድስት አሸዋ ነው። ይህ በክፍል 2 ለ2 ሜጋ ፓስካል ብሎኬት ከተገኘው ገደብ ጋር ይገጣጠማል። ኖራ በማይገኝበት ጊዜ 1፡5 በፒፒሲ ተገቢ መነሻ ነው።

ግንበኞች 1፡5ን የሚቃወሙበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በትክክል አይደመጥም። ስሱ ድብልቅ በማንኪያ ሲነሣ ይበታተናል፣ በብሎኬቱ ቁም ጎን ላይ አይያዝም፣ ውኃውን ቶሎ ይለቃል። ግንበኛው ሲሚንቶ ጨምሩ ሲል የሚጠይቀው ጥንካሬን ሳይሆን ለእጅ የሚመች ሞርታርን ነው። ይህን ምቹነት የተቃጠለና በውኃ የበረደ ኖራ በአነስተኛ ወጪ ይሰጣል፤ ደቃቅነት ያለው ፒፒሲም በከፊል ያግዛል። ነገር ግን ለእርሻ አሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚሸጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያልተቃጠለ በመሆኑ የማጣበቅ ባሕርይ የለውም፤ በስም መመሳሰል ተሳስቶ በግንባታ ኖራ ፈንታ መግባት የለበትም።

5.3 ጭነት ተሸካሚ ግድግዳ

ኮለን በሌለው ቤት ብሎኬቱ ራሱ ጣራውን ከተሸከመ ከላይ የተባለው አይሠራም። የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደንቡ (ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. 1998) ዝቅተኛ የመንቀጥቀጥ አደጋ ካለባቸው ሥፍራዎች ውጭ ለእንዲህ ያለ ግንብ የብሎኬቱም የሞርታሩም ጥንካሬ ቢያንስ 5 ሜጋ ፓስካል እንዲሆን ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱ ይህ ድንጋጌ ለወረቀት ብቻ የተጻፈ እንዳልሆነ ያስታውሳል። 2 ሜጋ ፓስካል ብሎኬት እዚህ ቦታ የለውም፤ ምንም ያህል የበለጸገ ሞርታርም አያድነውም።

5.4 የሲሚንቶ ዓይነትና ማኅተሙ

በገበያ ያሉት ኦፒሲ 42.5 እና ፒፒሲ 32.5 በከረጢታቸው ላይ የያዙት ቁጥር የሞርታሩ ጥንካሬ አይደለም። ቁጥሩ በቤተ ሙከራ በክብደት አንድ ሲሚንቶ ለሦስት መደበኛ አሸዋ፣ ውኃው የሲሚንቶው ግማሽ ሆኖ የተሠራ ናሙና በ28 ቀን የሚደርስበት ዝቅተኛ ጥንካሬ ነው። በሥራ ቦታ ያለው ሞርታር ከዚህ የበለጠ ውኃና ደለል ያለበት አሸዋ ስለሚይዝ ውጤቱ በብዙ ያንሳል። ለግንብ ሥራ ፒፒሲ ይበቃል፤ ኦፒሲን ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ኮንክሪት ማቆየት በእጥረት ጊዜ የተሻለ አመዳደብ ነው። ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ የሚያገኘው በዝግታ በመሆኑ ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ መርዘም አለበት።

6. ስሌቱን የሚያበላሹ የሥራ ቦታ ልማዶች

የተሰላው ቁጥር እውነት የሚሆነው አራት ነገሮች ሲጠበቁ ነው። አንደኛ፣ አሸዋው ይፈተሽ። በጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ውኃና ጥቂት ጨው ጨምሮ ከተናወጠ በኋላ ለሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ ከላይ የሚረጋው ደለል ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ደለል የበዛበት አሸዋ ውኃ እየጠየቀ ጥንካሬን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የተቦካ ሞርታር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይለቅ። ከምሳ በፊት የተቦካውን ከምሳ በኋላ ውኃ ጨምሮ ማደስ በበጋው ደረቅ ነፋስ የተለመደ ስሕተት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚቦካው መጠን በግንበኛው ፍጥነት እንጂ በከረጢቱ መወሰን የለበትም፤ ግማሽ ከረጢት በግማሹ አሸዋ ማቡካት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ብሎኬት በውኃ አይዘፈቅ። ሸክላ ጡብ ከመገንባቱ በፊት ይረጥባል፤ የሲሚንቶ ብሎኬት ግን ውኃ ጠጥቶ ከተገነባ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና መገጣጠሚያውን ይሰነጥቃል። በጠራራ ፀሐይ ገጹን በጥቂቱ ማራስ ይበቃል። ድንጋይ ግን አቧራው እስኪለቅ ታጥቦ ሊገባ ይገባዋል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ረድፍ በውኃ ልክ ይስተካከል። ግሬድ ቢሙ ወጣ ገባ ከሆነ ልዩነቱ የሚካካሰው በሞርታር ነው። መጠናቸው የሚለያይ ብሎኬቶችም እንዲሁ ግንበኛው መገጣጠሚያውን እንዲያወፍር ያስገድዱታል። ከመግዛት በፊት አሥር ብሎኬት ደርድሮ ከፍታቸውን በሜትር መለካት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚያተርፈው ግን በከረጢት የሚቆጠር ሲሚንቶ ነው።

7. መደምደሚያ

ከትንተናው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ የሞርታር ፍጆታ ከድብልቅ ምጣኔው ይልቅ በመገጣጠሚያው ውፍረትና በድንጋዩ አጠራረብ ይበልጥ ይወሰናል፤ ስለዚህ ግምቱ ከጂኦሜትሪው መጀመር አለበት። ሁለተኛው፣ ሞርታር የሚመረጠው ከሚያጣብቀው አካልና ከሚቆምበት ቦታ ጋር ተመዛዝኖ ነው፦ ለመሠረት 1፡4፣ ለመሙያ ግድግዳ 1፡5 ወይም ኖራ ያለው 1፡1፡6፣ ለተሸካሚ ግድግዳ ደግሞ በንድፍና በፈተና የተረጋገጠ ድብልቅ። ሦስተኛው፣ የክረምት አሸዋ እብጠት ካልታረመ ሁለቱንም ያፈርሳል።

እነዚህ ምጣኔዎች መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም። ከየአሸዋ ምንጩና ከየሲሚንቶው ዓይነት የተወሰዱ የሞርታር ኩቦች በ28 ቀን ተፈትነው መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በተለይ የስምጥ ሸለቆ አሸዋና ፒፒሲ በ1፡5 እና በ1፡1፡6 የሚሰጡት ጥንካሬ፣ ኖራ ሲጨመር በግንበኛው ፍጥነትና በብክነቱ ላይ የሚመጣው ለውጥ፣ እንዲሁም በፉሪ በተሠሩ ግድግዳዎች ላይ በእውነት የሚለካው የመገጣጠሚያ ውፍረት ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው። የመጨረሻው ከሜትርና ከማስታወሻ ደብተር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱ ግን ቤቱን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ለሚሠራው ባለቤት ቀጣዩን ደረጃ የመድረስና ያለመድረስ ልዩነት ሊሆን ይችላል።